ግራንት ሲቋረጥ ዩኒቨርሲቲው ምን ያድርግ?

የአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ተቋም (ኤንአይኤች) ለዩኒቨርሲቲዎች የሚከፍለውን የምርምር ተዘዋዋሪ ወጪ (ኦቨርሄድ) በ15 በመቶ መገደቡን ያሳወቀው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2025 ነው። ዕለቱ ዓርብ ነበር፤ ውሳኔው ሥራ ላይ እንዲውል የታዘዘው ደግሞ ለሰኞ። ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን (ኤንኤስኤፍ) ቀደም ሲል የፈቀዳቸውን ግራንቶች በገፍ መሰረዝ የጀመረው ኤፕሪል 18 ነው፤ እሱም ዓርብ ነበር። እንዲህ ባለ ዓርብ የላብ ኃላፊው ኢሜይሉን ከፍቶ ብቻውን ይቀመጣል። የምርምር ጽሕፈት ቤቱ ተዘግቷል። ሰኞ ጠዋት ፖስትዶኩን፣ ተማሪዎቹንና ቴክኒሺያኗን ምን እንደሚላቸው አያውቅም።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ያን ሰኞ ጠዋት ከላብ ኃላፊው ጎን መገኘት ላለባቸው ሰዎች ነው። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ ዲን፣ የምርምር አስተዳዳሪ ወይም የሴኔት አባል የሆኑ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን አሉ። እርስዎ ከእነሱ አንዱ ከሆኑ፣ ወይም በግራንት የሚተዳደር ላብ ኖሮዎት ከአለቆችዎ ምን መጠየቅ እንደሚችሉ ማወቅ ከፈለጉ፣ ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተል ይሥሩበት። የመንግሥት ገንዘብ ሲጎድል ዩኒቨርሲቲ ሁሉንም ማዳን አይችልም። ስለዚህ የመጀመሪያው ገንዘብ መሄድ ያለበት አንዴ ከጠፋ ለማይመለሰው ነው እላለሁ፤ ይኸውም ለሠለጠነ ሰው፣ ለምርምር ተሳታፊው ደኅንነት፣ ለናሙናና ለመረጃ። የላቡ ስም መግነን ወይም የግራንቱ መጠን መተለቅ ብቻውን ቅድሚያ ሊያሰጥ አይገባም።

ደብዳቤውን አብረውት ያንብቡ

መጀመሪያ የደብዳቤውን ዓይነት ይለዩ። ሥራ አቁሙ የሚል ትእዛዝ፣ ጊዜያዊ እገዳ፣ ሙሉ ማቋረጥ፣ ደብዳቤ ሳይመጣ የዓመቱ ክፍያ ዝም ብሎ የሚዘገይበት ሁኔታ፣ እነዚህ አንድ አይደሉም። ግራንቱ ሙሉ በሙሉ ሲቋረጥ፣ ከመቋረጡ በፊት በአግባቡ የተገባና ሊሰረዝ የማይችል ግዴታ በፌዴራል ደንብ 2 ክፍል 200 አንቀጽ 343 መሠረት የሚከፈልበት መንገድ አለ። ከደብዳቤው በኋላ የተገባ አዲስ ወጪ ግን አብዛኛውን ጊዜ በዩኒቨርሲቲው ትከሻ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ደብዳቤው የደረሰበት ቀንና ሰዓት፣ በዚያች ሰዓት የታዘዙት ዕቃዎችና የተፈረሙት ውሎች በዚያው ዕለት ይመዝገቡ።

ቀጥሎ የተሰጠውን ምክንያት ይመልከቱ። በ2025 ለብዙ ስረዛዎች የተጠቀሰው አንቀጽ 340 ነው፤ ሥራው ከመሥሪያ ቤቱ የአሁን ትኩረት ጋር አይሄድም ማለት ነው። ይህ ደካማ ሥራ ሠርተሃል ወይም ገንዘብ አጥፍተሃል የሚል ክስ አይደለም። ልዩነቱን ዲኑ ለተመራማሪው በጽሑፍ ይስጠው። ወረቀቱ ነገ ለሌላ ሥራ ወይም ለሌላ ገንዘብ ሲያመለክት ያስፈልገዋል፤ ዛሬ ደግሞ ባልደረቦቹ ፊት አንገቱን እንዳይደፋ ያግዘዋል።

ብዙ ተመራማሪዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። ግራንቱ በሕግ የተሰጠው ለዩኒቨርሲቲው ነው እንጂ ለእነሱ አይደለም፤ ይግባኝ የሚለውም ዩኒቨርሲቲው ነው። የኤንአይኤች የይግባኝ ጊዜ 30 ቀን ነው። ኤንኤስኤፍ በ2025 በላካቸው የስረዛ ደብዳቤዎች ላይ ውሳኔው የመጨረሻ ነው፣ ይግባኝ የለውም ብሏል። የምርምር ጽሕፈት ቤቱ ይግባኝ እንደሚልና እንደማይል በመጀመሪያው ሳምንት ካልወሰነ፣ የቀረው ጊዜ ማስረጃ ለመሰብሰብ አይበቃም። የውል ሰነዱን፣ የዓመት ሪፖርቶቹንና ከፕሮግራም ኃላፊው ጋር የተጻጻፉትን ኢሜይል ሁሉ ከመንግሥት ሲስተም ያውርዱ። በሩ መቼ እንደሚዘጋ አይታወቅም።

ሰኞ ከሥራ ሰዓት በፊት የሚያስፈልግ አንድ ትንሽ ነገርም አለ፦ የውስጥ ሂሳብ ቁጥር። የደመወዝ ሲስተሙ እያንዳንዱን ሠራተኛ ከአንድ የግራንት ሂሳብ ጋር አስሮ ነው የሚከፍለው። ሂሳቡ ሲዘጋ ክፍያው ወይ ወደ ትምህርት ክፍሉ ይዞራል፣ ወይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ለተቋረጡ ግራንቶች የሚሆን ጊዜያዊ ሂሳብ አስቀድሞ ከተከፈተ የማንም ደመወዝ ሳይቋረጥ መነጋገር ይቻላል። ይህን ለማድረግ የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ውሳኔ አያስፈልግም፤ የፋይናንስ ኃላፊው አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል።

ሰዎቹን ይቁጠሩ

ዩኒቨርሲቲዎች በእንዲህ ያለ ጊዜ መጀመሪያ የሚያወጡት ዝርዝር የግራንት ዝርዝር ነው፦ የግራንት ቁጥር፣ የቀረ ገንዘብ፣ የተቋረጠበት ቀን። ለፋይናንስ ክፍሉ ይጠቅማል። ለውሳኔ የሚያስፈልግዎ ግን የሰው ዝርዝር ነው። በእያንዳንዱ ስም ትይዩ የሥራ ድርሻውን፣ ደመወዙ ከየትኞቹ ሂሳቦች በምን ያህል በመቶ እንደሚመጣ፣ እስከ መቼ እንደተከፈለው፣ የጤና ኢንሹራንሱ መቼ እንደሚያበቃ፣ በምን ቪዛ እንዳለ፣ ለመመረቅ ወይም ሥራውን ለመጨረስ ስንት ወር እንደሚቀረው ይጻፉ።

አንድ መካከለኛ ላብ ያስቡ። ኃላፊ አለ፤ በኤች-1ቢ የሥራ ቪዛ ያለ ፖስትዶክ አለ፤ ሁለት የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪዎች አሉ፣ አንዷ ለመመረቅ ስምንት ወር የቀራት፣ ሌላው ገና ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለ። ከዚያ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሠራች ቴክኒሺያንና ግማሽ ቀን የሚሠራ የመረጃ አስተዳዳሪ። እንደተለመደው ቢሆን መጀመሪያ የምትሰናበተው ቴክኒሺያኗ ናት፤ ማዕረግ የላትም፣ በጥናት ጽሑፎቹ ላይም ስሟ እምብዛም አይወጣም። ነገር ግን በሰማንያ ዲግሪ ከዜሮ በታች በሚያቀዘቅዘው ፍሪዘር ውስጥ የቱ መደርደሪያ ላይ የማን ደም እንዳለ፣ የቱ ሪኤጀንት ከየትኛው ምድብ ሲመጣ እንደሚሠራ፣ ማሽኑ ሲያስቸግር የቱን ክፍል መክፈት እንደሚያስፈልግ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። እሷ ከሄደች ገንዘቡ በስድስት ወር ውስጥ ቢመለስ እንኳ ላቡ ከዜሮ ይጀምራል። የሰው ዝርዝሩ ላይ «ሌላ ማን ያውቀዋል?» የሚል አንድ አምድ ይጨምሩ። መልሱ «ማንም» የሆነበት ሰው ወደ ላይ ይውጣ።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለው ተማሪ ወደ ሌላ ላብ ሊዛወር ይችላል፤ ስምንት ወር የቀራትን ግን ማዛወር ማለት አራት ዓመቷን መጣል ነው። ስለዚህ ለእሷ እስከ መመረቂያዋ ድረስ የተረጋገጠ ገንዘብ፣ ለእሱ ደግሞ አንድ ሴሚስተር የማስተማር ረዳትነትና አዲስ አማካሪ የሚያገኝበት ጊዜ ይስጡ። ሁለቱንም እኩል ሦስት ሦስት ወር መስጠት ፍትሐዊ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን አንዷን ያስቀራል፣ ሌላውንም በቅጡ አይረዳም።

ቪዛ ያላቸውን ያስቀድሙ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ የምጽፈው፣ ስህተቱ የሚሠራው በቅን ልቦና ሆኖ ሳለ ዋጋው ከሁሉም የከፋ ስለሆነ ነው።

በኤች-1ቢ የሚሠራ ሰው ከሥራ ሲሰናበት እስከ 60 ቀን የሚደርስ የእፎይታ ጊዜ አለው፤ የመቆያ ፈቃዱ (አይ-94) ከዚያ በፊት ካበቃ ደግሞ እስከዚያ ብቻ። ቀኑ የሚቆጠረው ከመጨረሻው የሥራ ቀን ጀምሮ ነው፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው ከተሰጠበት ቀን አይደለም። ስለዚህ ለአንድ ፖስትዶክ ከሁሉ የሚጠቅመው ረዘም ያለ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ነው። ሦስት ወር ቀድሞ የተነገረውና እስከዚያ ደመወዙ የሚከፈለው ሰው ሥራ ለመፈለግ አምስት ወር ገደማ ያገኛል። ዛሬ ተነግሮት ነገ የሚወጣው ያለው ሁለት ወር ብቻ ነው፤ በሁለት ወር ውስጥ ደግሞ የአካዳሚ ቅጥር አያልቅም።

«ለጊዜው ያለ ደመወዝ ይቆይ፣ ገንዘብ ሲመጣ እንከፍለዋለን» የሚል ደግ አለቃ ሊኖር ይችላል። አይፍቀዱለት። ቀጣሪ በኤች-1ቢ ያለን ሠራተኛ ሥራ የለም ብሎ ያለ ደመወዝ ማስቀመጥ አይችልም። የሥራ ሰዓቱን በግማሽ መቀነስም የተሻሻለ ማመልከቻ ማስገባት ይጠይቃል። ማንኛውም የሰዓት ወይም የደመወዝ ለውጥ ከመደረጉ በፊት በዩኒቨርሲቲው የዓለም አቀፍ ጽሕፈት ቤት በኩል ይለፍ። ሰውየው የተፈቀደለት የኤች-1ቢ ጊዜ ሳያልቅ ከተሰናበተ ደግሞ ወደ አገሩ የሚመለስበትን ተገቢ የጉዞ ወጪ መሸፈን የቀጣሪው ግዴታ ነው። ይህን የሚያውቅ ተሰናባች ጥቂት ስለሆነ፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ በስንብት ደብዳቤው ላይ ሊጽፈው ይገባል።

ሌላው ወጥመድ ወደ ኩባንያ መዛወር ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ከኤች-1ቢ ዓመታዊ ኮታ ውጭ ስለሆኑ፣ ሰውየው ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ በማንኛውም ወር መዛወር ይችላል። ቀድሞ በኮታው ውስጥ ያልተቆጠረ ሰው ወደ ግል ኩባንያ ሲሄድ ግን በማርች ዕጣ መግባትና እስከ ኦክቶበር 1 መጠበቅ ሊኖርበት ይችላል። «ጎበዝ ነው፣ ኢንዱስትሪ ይወስደዋል» ብሎ መዝገብ መዝጋት አይቻልም። ይልቅ ዲኑ ለአጎራባች ዩኒቨርሲቲዎች ስልክ ይምታ። በኤፍ-1 የተማሪ ቪዛ ያለው የሙሉ ጊዜ ተማሪነቱን ይዞ መቆየት አለበት፤ ተመርቆ በኦፒቲ (ከምረቃ በኋላ በሚሰጠው የሥራ ልምምድ ፈቃድ) ያለው ሥራ አጥ ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ በድምሩ 90 ቀን ነው፣ የሳይንስና ቴክኖሎጂው ማራዘሚያ ሲጨመርበት 150። በጄ-1 የመጣው ፕሮግራሙን ካጠናቀቀ በኋላ ያለው 30 ቀን ነው።

ለኢትዮጵያውያን አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ለኢትዮጵያ ዜጎች የሚሰጡት አብዛኞቹ ጊዜያዊ ቪዛዎች ለአንድ ጊዜ መግቢያና ለሦስት ወር ብቻ የሚያገለግሉ ሆነዋል። በመካከሉ ለቅሶ ወይም ሠርግ ደርሶበት አዲስ አበባ የሄደ ተማሪ ለመመለስ አዲስ ቪዛ ያስፈልገዋል። ደመወዙ የተቋረጠ ወይም ሊቋረጥ የተቃረበ ሰው ኤምባሲ ሲቀርብ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ገንዘቡን እንደሚሸፍን የሚገልጽ የቅርብ ቀን ደብዳቤ በእጁ መያዝ አለበት። ይህን ደብዳቤ ማውጣት ሁለት ሳምንት የሚፈጅ ከሆነ አሠራሩን አሁን ያስተካክሉ፤ ለቅሶ ቀጠሮ አይሰጥም።

መሻገሪያ ገንዘቡን ከየት አምጥቶ ለማን?

ስለ ኦቨርሄድ ጥቂት ልበል፤ ክርክሩ ሁሉ በእሱ ላይ ስለሆነ። አንድ ዩኒቨርሲቲ 60 በመቶ ከተፈቀደለት፣ ለጥናቱ በቀጥታ በሚወጣና ለስሌቱ በሚያዝ በእያንዳንዱ 100 ዶላር ላይ 60 ዶላር ይጨመርለታል። በዚያ ገንዘብ መብራት፣ የእንስሳት ማቆያ፣ የአደገኛ ቆሻሻ አወጋገድ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴና የሂሳብ ሠራተኞች ይተዳደራሉ። በ2023 በጀት ዓመት ኤንአይኤች ለምርምር ከከፈለው 35 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ውስጥ 9 ቢሊዮኑ የኦቨርሄድ ነበር። የ15 በመቶውን ጣሪያ በቦስተን ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2025 አግዶታል፤ በጃንዋሪ 2026 ይግባኝ ሰሚውም አጽንቶታል። ነገር ግን ጣሪያው ባይኖርም እንኳ ግራንት ሲሰረዝ ኦቨርሄዱ አብሮ ይሄዳል፣ ሕንፃው ግን አሁንም መብራት ይፈልጋል። የመሻገሪያ ገንዘብ፣ ማለትም ግራንቱ እስኪመለስ ወይም ሌላ እስኪገኝ የሚያቆይ ድጋፍ፣ ሲያስቡ ይህን ሁለተኛ ጉድጓድ አይርሱት።

ተመራማሪዎች «ዩኒቨርሲቲው ቢሊዮኖች ዶላር ኢንዶውመንት አለው» ሲሉ ይሰማል። እውነት ነው፤ ግን አብዛኛው ገንዘብ ለጋሹ ለወሰነው ዓላማ ብቻ የሚውል ነው። ከ50 ቢሊዮን ዶላር በላይ ኢንዶውመንት ያለው ሃርቫርድ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ግራንት በታገደበት ጊዜ በሜይ 2025 ለምርምር ማስቀጠያ የመደበው 250 ሚሊዮን ነበር። እርስዎ መጠየቅ ያለብዎት ለይቶ ነው፦ በቦርዱ ውሳኔ የተቀመጠ፣ የለጋሽ እገዳ የሌለበት ገንዘብ ምን ያህል ነው? ካለፉት ዓመታት የተመለሰ ኦቨርሄድ በየትምህርት ክፍሉ ምን ያህል ተከማችቷል? የትኛው የሕንፃ ግንባታ ለሌላ ጊዜ ሊተላለፍ ይችላል? በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች የሚገኘው ገንዘብ ስለ ኢንዶውመንቱ በጅምላ ከመከራከር የበለጠ ነው።

ሀብታም ያልሆነ ዩኒቨርሲቲም ከንቱ አይደለም። የማስተማር ረዳትነት ቦታዎችን ለተቋረጠባቸው ተማሪዎች ቅድሚያ መስጠት፣ ክፍት የአስተዳደር ቦታዎችን ለተሰናባች ቴክኒሺያኖች መክፈት፣ ውድ መሣሪያዎችን ከጎረቤት ኮሌጅ ጋር መጋራት ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። የግል ለጋሾችም አሉ። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲው የአኩሪ አተር ምርምር ላብ ከአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት (ዩኤስኤአይዲ) ያገኝ የነበረው ገንዘብ ሲቋረጥ አንድ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከግል ለጋሽ አግኝቶ የተወሰነ ሥራውን ማስቀጠል ችሏል። የልማት ጽሕፈት ቤቱ አዲስ ሕንፃ ለማስመረቅ ገንዘብ የሚያሰባስብበትን ጉልበት ለዚህ ያውል።

አከፋፈሉ ላይ ቁርጥ ያለ ደንብ ያውጡ። ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ውሳኔው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሰጥ። ለተማሪና ለፖስትዶክ ደመወዝ ያለ ውድድር የሚሰጥ፣ ለተቀረው ግን የሚወዳደሩበት ሁለት ቋት ይሁን። ጆንስ ሆፕኪንስ በ2025 ለመሻገሪያና የጥናት አቅጣጫ ለመቀየር የሚሆኑ ድጋፎችን ለየብቻ አቋቁሟል፤ ይህ አከፋፈል ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ገንዘቡ ሊመለስ የሚችል ሰውና አዲስ መንገድ መፈለግ ያለበት ሰው የሚያስፈልጋቸው ነገር አንድ አይደለም። ኮሚቴው ውስጥ ቢያንስ አንድ ፖስትዶክና አንድ ተማሪ ይኑሩ። የተፈቀደውና የተከለከለው ዝርዝር ከነምክንያቱ ለሁሉም ይታወቅ፤ በር ላይ ቆሞ የጮኸ ሁሉ የሚያገኝበት አሠራር ዝም ያለውን ይጎዳል፤ ከውጭ አገር የመጡት ተመራማሪዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዝም ካሉት መካከል ናቸው።

መቆም የማይችሉ ሥራዎች

የሕክምና ሙከራ ላይ ያለ ታማሚ መድኃኒቱ በደብዳቤ አይቋረጥበትም። ገንዘቡ ቢቆምም የዩኒቨርሲቲው ኃላፊነት አይቆምም። የሥነ ምግባር ኮሚቴው በዚያው ሳምንት ተሰብስቦ ለእያንዳንዱ ሙከራ ይወስን፦ ማን መድኃኒት ይቀጥላል፣ ማን ወደ መደበኛ ሕክምና ይዛወራል፣ ለተሳታፊዎቹ ማን በምን ቋንቋ ይነግራቸዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከውድድር ውጭ ነው።

ናሙናና ዘር ቀጥሎ ይመጣል። የፐርዱ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አበርክተው በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት በአሥርተ ዓመታት ሥራ ነው፤ የዩኤስኤአይዲ ገንዘብም ረጅም ጊዜ ደግፎታል። እንዲህ ያለ ሥራ በመካከሉ አንድ የዘር ወቅት ቢዘለል የሚጠፋው አንድ ዓመት ብቻ አይደለም፤ ዘሩ ራሱ ሊጠፋ ይችላል። የአይጥ ዝርያዎች ካሉ ፅንሳቸውን ወይም ዘራቸውን አቀዝቅዞ ማስቀመጥ መንጋውን ለዓመት ከመቀለብ ይረክሳል። ፍሪዘሮቹን በአንድ ቦታ ሰብስበው የጋራ ጠባቂ ይመድቡላቸው።

መረጃም እንዲሁ። ዩኤስኤአይዲ ከ1984 ጀምሮ ሲደግፈው የነበረው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ፕሮግራም በፌብሩዋሪ 2025 ሲቆም፣ አዲስ የመረጃ ጥያቄ ማስተናገዱም ተቋረጠ። የኢትዮጵያ የ2000፣ የ2005፣ የ2011ና የ2016 ጥናቶች የተካሄዱት በዚሁ ፕሮግራም ድጋፍ ነው፤ በጎንደር፣ በጅማና በአዲስ አበባ ስንትና ስንት የማስተርስ ጽሑፍ ተሠርቶባቸዋል። የሃርቫርድ የሕግ ቤተ መጻሕፍት በዚያው ወር ከ311,000 በላይ የመንግሥት የመረጃ ስብስቦችን ቅጂ አስቀምጧል። የእርስዎም ቤተ መጻሕፍት ተመራማሪዎቹ በየቀኑ የሚጠቀሙባቸውን የመንግሥት መረጃዎች ጠይቆ፣ የአጠቃቀም ስምምነቱ የሚፈቅደውን ያህል ቅጂ ይያዝ።

አዲስ አበባ ያለው አጋር

በአሜሪካ ግራንት የሚሠራ የኢትዮጵያ ተቋም አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን የሚያገኘው በንዑስ ውል ነው፤ መጀመሪያ ከራሱ ያወጣል፣ ከዚያ ደረሰኝ ልኮ ይተካለታል። ኤንአይኤች በሜይ 1 ቀን 2025 ለውጭ አገር ተቋማት የሚሄዱ ንዑስ ውሎችን አዲስ አሠራር እስኪዘረጋ እንደማያስተናግድ አስታውቋል። ዩኤስኤአይዲ በጃንዋሪ 2025 ሥራ ሲያስቆም ደግሞ ለተሠራው ሥራ እንኳ ክፍያ ቆሞ ነበር። በዚህ መካከል ባዶ እጁን የሚቀረው አዲስ አበባ ያለው ተቋም ነው፤ የመስክ ሠራተኞቹን ከፍሎ አሰናብቷል፣ ነዳጅ ገዝቶ ጄኔሬተር አስነስቷል፣ የሚተካለትን ይጠብቃል።

ስለዚህ አንደኛ፣ ከመቋረጡ በፊት ለተሠራው ሥራ የመጣውን ደረሰኝ፣ የፌዴራሉ ገንዘብ ቢመጣም ባይመጣም፣ ዩኒቨርሲቲው ይክፈል። አቅሙ ከአጋሩ ይልቅ የእርስዎ ዩኒቨርሲቲ ዘንድ ነው። ሁለተኛ፣ ማሳወቂያው በውል ክፍል ኢሜይል ብቻ አይላክ፤ ዋናው ተመራማሪ ስልክ ደውሎ ያነጋግር፣ ደብዳቤው ይከተል። ሦስተኛ፣ እዚያ ፍሪዘር ውስጥ ያሉ ናሙናዎች የማን እንደሆኑ፣ ማን እንደሚጠብቃቸው፣ የመብራቱን ወጪ ማን እንደሚችል በጽሑፍ ይስማሙ። አራተኛ፣ የኢትዮጵያ ወገን የሥነ ምግባር ኮሚቴ ጥናቱ መቆሙን በይፋ ይወቅ። መረጃው ደግሞ በሁለቱም ወገን እጅ ይቅር፤ ገንዘቡ ባለቀ ማግስት የኢትዮጵያው ተመራማሪ የራሱን መረጃ ለማየት ፈቃድ የሚለምንበት ሁኔታ እንዳይፈጠር።

ሰዓት ማቆም፣ ቃል መጠበቅ

የቋሚ ቅጥር ግምገማ የሚጠብቃቸው ወጣት መምህራን ግራንታቸው የተቋረጠበት ጊዜ እንዳይቆጠርባቸው አንድ ዓመት ሳይጠይቁ ይጨመርላቸው። ሳይጠይቁ የምለው፣ የሚጠይቅ ሰው ደካማ እንዳይመስል ስለሚፈራ ነው። ኤንአይኤች ከ2025 ጀምሮ ብዙ አዳዲስ ግራንቶችን የበርካታ ዓመት ገንዘባቸውን በአንዴ መክፈል በመጀመሩ፣ በጀቱ ባይቀንስ እንኳ ግራንት የሚያገኘው ሰው ቁጥር ይቀንሳል። የገምጋሚ ኮሚቴዎች መመዘኛ ይህን ግምት ውስጥ ያስገባ።

አዲስ ተማሪ ስለመቀበልም ይጠንቀቁ። በ2025 የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ለሦስተኛ ዲግሪ አመልካቾች የሰጠውን ቃል አጥፏል። አንድ አመልካች ሌላ ዩኒቨርሲቲን እምቢ ብሎ፣ ምናልባትም ከባሕር ዳር ለቪዛ ተዘጋጅቶ ሳለ ቃሉ ሲታጠፍበት የሚደርስበትን ያስቡ። ገንዘቡ የተረጋገጠለትን ያህል ብቻ ይቀበሉ፤ የተቀበሉትን ግን እስከ መጨረሻው ይያዙ።

ማን ይናገር፣ ማን ይክሰስ?

በየሳምንቱ በተወሰነ ቀንና ሰዓት፣ አዲስ ነገር ባይኖርም፣ አንድ አጭር መልእክት ከምርምር ምክትል ፕሬዚዳንቱ ይውጣ፦ ምን ያህል ግራንት ተቋረጠ፣ ምን ያህሉ ላይ ይግባኝ ተባለ፣ ምን ያህል መሻገሪያ ተሰጠ። ዝምታው ሲረዝም ወሬ ይሞላዋል፤ ጥሩ ሰዎችም በወሬ ይሄዳሉ።

ፍርድ ቤት መሄድን በሚመለከት ተመራማሪውን ብቻውን አይላኩት። የኦቨርሄዱ ጣሪያ የታገደው ግዛቶች፣ የዩኒቨርሲቲ ማኅበራትና ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው ስለከሰሱ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኦገስት 2025 በኤንአይኤች የተሰረዘ ግራንትን ገንዘብ የማስመለስ ክርክር ወደ ፌዴራል የይገባኛል ፍርድ ቤት የሚወስድ ውሳኔ ስለሰጠ መንገዱ ረዝሟል፤ በግል አቅም የሚሄዱበት አይደለም። ለምክር ቤት አባል መጻፍ የሚፈልግ ተመራማሪ ግን እንደ ዜጋ በግል ኢሜይሉና በራሱ ጊዜ መጻፍ እንደሚችል፣ የግራንት ገንዘብን ግን ለዚህ መጠቀም እንደማይችል በግልጽ ይንገሩት። ዜጋ ላልሆኑት የሕግ ምክር በነጻ ይቅረብላቸው፤ እነሱ በይፋ መናገርን የሚፈሩበት ምክንያት አላቸው፣ ማንም ሊገፋቸውም አይገባም።

ገንዘቡ ቢመለስስ?

በጁን 2025 አንድ የፌዴራል ዳኛ ስረዛዎቹ ሕገ ወጥ ናቸው ካለ በኋላ ኤንአይኤች በርካታ ግራንቶችን መልሷል። የተመለሰላቸው ሁሉ ግን ወዲያው ሥራ መጀመር አልቻሉም፤ ሰው ከሄደና የተሳታፊዎች ክትትል ከተቋረጠ በኋላ ገንዘቡ ብቻውን ላብ አያስነሳም። ስለዚህ የተቋረጠ ግራንት ላይ ሳሉ የመመለሻውን ሰነድ ያዘጋጁ። የተሰናበተው ሠራተኛ በስድስት ወር ውስጥ ያለ አዲስ ማስታወቂያ ሊመለስ በሚችልበት ደንብ ላይ ከሰው ኃይል ክፍሉ ጋር ይስማሙ፤ የጡረታና የፈቃድ መብቱም አይቆረጥ። የላቡን ክፍል ለሌላ ከመስጠትዎ በፊት ይግባኙ እስኪያልቅ ይጠብቁ። ገንዘቡ ሲመለስ በመጀመሪያው ሳምንት ያለ ተጨማሪ ገንዘብ የጊዜ ማራዘሚያ ይጠይቁ፤ የጠፋው ወር ከጥናቱ ዕድሜ እንዳይቀነስ። መሻገሪያ የተሰጠው ደመወዝ ወደ ግራንቱ የሚመለስበትን የሂሳብ ማስተካከያ ደግሞ የፋይናንስ ክፍሉ ከወዲሁ በወረቀት ያስቀምጥ፤ የተመለሰው ገንዘብ ወደ መሻገሪያው ቋት ገብቶ ለሚቀጥለው ተመራማሪ ይዋል።